ጆሮ ሲከዳ ደም ምን ይናገራል?

(መለያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ኮላ ድባ ከተማ ያላችሁ፣ አይምባና ጭዋሂት፣ ጎርጎራ ሐይቁን ተጠግታችሁ የምታዳምጡን፣ ጎንደር ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ከፍታችሁ የምትሄዱም፣ ሁላችሁም አድምጡን። የጤና ትምህርት ሰዓታችን ደርሷል።

ዛሬ ስለ ጆሮ እናወራለን። ጉትቻ ስለሚንጠለጠልበት ጆሮ ግን አይደለም። ከዚያ ዘልቆ፣ አጥንት ውስጥ ስለተቀበረው የውስጥ ጆሮ ነው። የውስጥ ጆሮ ሲታመም ሐኪም አንዳንዴ የደም ምርመራ ያዝዛል። ታማሚውም ግራ ይገባዋል፤ «ያመመኝ ጆሮዬ፣ የሚወጉት ክንዴን፤ ምን አገናኛቸው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ያ የደም ውጤት «ፖዘቲቭ» ተብሎ ቢመጣስ? ምን ማለት ነው? ምን ማለትስ አይደለም? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለኮላ ድባና ለዙሪያው ለደምቢያ ሰው ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ለምን እንደሚከብድ እደርስበታለሁ፤ አብራችሁኝ ቆዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ አንድ ነገር አብረን እንሞክር። አፋችሁን ግጠሙና እንዲህ በሉ፦ እምምምም።

(አቅራቢው አፉን ገጥሞ ለአምስት ሰከንድ ያህል ድምፅ ያሰማል)

ድምፁ የት ተሰማችሁ? ሁለቱም ጆሯችሁ ጤነኛ ከሆነ መሀል ላይ ነው የሚሰማው። አሁን ደግሞ ቀኝ ጆሯችሁን በጣት ድፈኑና ድገሙት።

(ለአምስት ሰከንድ ይቆያል)

ወዴት ሄደ? ወደ ተደፈነው ወደ ቀኙ፣ አይደል? እንግዲህ ጆሮው ኩክ ሞልቶበት ወይም ከጆሮ ታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ አቁሮ መስማት የቸገረው ሰው ጆሮውን ሳይደፍን «እምምም» ሲል ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ይሄድለታል። የውስጥ ጆሮው ወይም የመስማት ነርቩ የተጎዳ ሰው ግን ድምፁ የሚሄድለት ወደ ጤነኛው ጆሮ ነው።

ሐኪሞች ይህንኑ የሚሠሩት በብረት ነው። ሲመቱት የሚነዝር፣ ሁለት ጣት ያለው ብረት ግንባራችሁ ላይ ያቆሙና «የት ሰማኸው? የት ሰማሽው?» ይሏችኋል። ምርመራው እስካሁን የሚጠራው በጀርመናዊው ሊቅ በኤርንስት ሃይንሪክ ቬበር ስም ነው። የእኛው «እምምም» የሐኪሙን ምርመራ አይተካም። ሁለቱም ጆሮ አብረው ከታመሙማ ብዙም አይረዳም። አንድ ጆሯችሁ በድንገት ቢከዳችሁና ድምፁ ወደ ጤነኛው ቢሸሽ ግን ኩክ ነው ብላችሁ አትቀመጡ።

ልድገመው። ድምፁ ወደ ጤነኛው ጆሮ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

(ሙዚቃ፤ ይወርዳል)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ጆሮ ታሞ ደም ለምን ይቀዳል?

የመስሚያው ክፍል በቀንድ አውጣ ቅርጽ የተጠማዘዘ ትንሽ ቦይ ነው። ከራስ ቅላችን አጥንቶች ሁሉ በጠነከረው አጥንት ውስጥ ተሸሽጓል። በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ በውስጡም ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያሻግሩ 15,000 ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ጉበት ሲታመም ሐኪም በመርፌ ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይችላል። እብጠት ሲኖርም ተቆርሶ ይመረመራል። የውስጥ ጆሮ ላይ ግን ይህ አይሆንም። ናሙና ልውሰድ ብሎ የሚገባ መርፌ የቀረውን መስማት ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ጆሮውን ትቶ ደምን ይጠይቃል። ደም በየቦታው ይዞራልና፣ ጆሮ ውስጥ የሆነውን ሰምቶ ይሆናል ከሚል ተስፋ ነው። ተስፋ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ከደም ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው? ፀረ እንግዳ አካል ነው። በሽታ ሲገባ ሰውነታችን የሚሠራው፣ ጀርሙን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ሥራው ከውጭ የመጣውን መያዝ ነው። አንዳንዴ ግን ይሳሳትና የገዛ አካላችንን ይይዛል። ያን ጊዜ ኦቶአንቲቦዲ ይባላል፤ ራስን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ማለት ነው። መገጣጠሚያን ሲይዝ ቁርጥማት ያመጣል። የእንቅርት ዕጢን፣ ኩላሊትን፣ ቆዳን የሚይዝም አለ። የውስጥ ጆሮንስ ይይዝ ይሆን?

በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ላይ ይሠራ የነበረ ብራያን ማኬብ የሚባል የጆሮ ሐኪም አዎ፣ ይይዛል አለ። 18 ሕሙማን ይዞ ነው የተነሳው። መስማታቸው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ከሁለቱም ጆሮ እያለቀ የመጣ ሰዎች ነበሩ። ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚገቱ መድኃኒቶች ሲሰጣቸው ተሻላቸው። እስከዚያ ድረስ ከነርቭ የመጣ የመስማት ችግር ነው ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ማኬብ ያሳየው፣ ከእንዲህ ዓይነት ሕሙማን የጥቂቶቹ መስማት በመድኃኒት ሊመለስ እንደሚችል ነው።

ጥቂቶቹ ማለቴን ልብ በሉልኝ። በሽታው ብርቅ ነው። መስማት ካቃታቸው መቶ ሰዎች መካከል አንድ እንኳ አይሞላም።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ስም ለመያዝ ያህል አንዲት ሴት እናስብና እናንዬ እንበላት። ዕድሜዋ 38 ነው። የኮላ ድባ ዙሪያ ገበሬ ናት። በመስከረም ግራ ጆሮዋ ጭው ይል ጀመር። በጥቅምት ሞባይል በግራዋ ስትይዝ የሚያናግራት ሰው ቃሉ ይቀላቀልባት ነበር፤ ድምፁ ይሰማታል፣ ነገሩ ግን አይገባትም። በኅዳር ቀኙም ተከተለ። አንዳንድ ቀን ምድር ይዞርባታል፤ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች።

ፍጥነቱን አያችሁት? በዓመታት የሚመጣ የሽምግልና የመስማት ድክመት አይደለም። በአንድ ሌሊት ድንገት የሚጠፋው ዓይነትም አይደለም። በሳምንታትና በወራት የሚሄድ፣ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው የሚሻገር ነው። ሐኪምን «ይህ ነገር ራስን ማጥቃት ይሆን?» የሚያሰኘው ይህ አካሄድ ነው። ከደም ውጤት በፊት የሚመጣው ይህ ታሪክ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ጆሮዬን አመመኝ» ብቻ አትበሉ። መቼ ጀመረ? በየትኛው ጆሮ? ሁለተኛው መቼ ተከተለ? ይህን ተናገሩ። ላቦራቶሪ የማይሰጠው መረጃ ነው።

እናንዬ ደም ሰጠች እንበል። የላቦራቶሪ ባለሙያው «እትዬ፣ ክንድሽን ዘርጊ» አላት፣ ቀዳ፣ ቱቦውን ማሽን ላይ አሽከርክሮ ቢጫውን ውሃ፣ ሴረም የሚባለውን፣ ለየ። ፀረ እንግዳ አካላቱ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ቀላሉ ምርመራ ኢ ኤስ አር ነው። ደም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቀይ ሕዋሳቱ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይለካል። ብዙ ከወረደ ሰውነት ውስጥ መቆጣት አለ ማለት ነው። የት? አይናገርም። ሳንባ ነቀርሳም ያወርደዋል፣ እርግዝናም ያወርደዋል።

ከዚያ ኤ ኤን ኤ የሚባለው አለ። የሕዋስን አስኳል የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን የሚፈልግ ነው። ሴረሙ በመስታወት ላይ ካሉ ሕዋሳት ጋር ይገናኛል፤ የሚያበራ ቀለም ይጨመርበታል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ አስኳሉ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሴረሙን በውሃ እያቀጠኑ እስከ ስንተኛው ድረስ እንደሚያበራ ይቆጥራሉ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ አንዱን እጅ ሴረም 40 እጅ አድርጋችሁ ብታቀጥኑትና ምንም ሕመም የሌለባቸውን መቶ ሰዎች ብትመረምሩ፣ 30 የሚሆኑት ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ጤነኞች ናቸው፤ አንድም አላመማቸው።

እና ፖዘቲቭ ማለት በሽታ ማለት ነው? አይደለም። ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኝቷል ማለት ብቻ ነው።

(ሙዚቃ)

ለጆሮ ብቻ የተለየ ምርመራ የለም ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ተሞክሯል፤ ታሪኩም ደስ ይላል።

በ1990 እ.ኤ.አ. ሐሪስና ሻርፕ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የከብት ውስጥ ጆሮ ወሰዱ። ቄራ የሚጣለው ቁም ነገር ሠራ ማለት ነው። ፕሮቲኖቹን በኤሌክትሪክ እየጎተቱ በክብደታቸው ደረደሯቸው፣ ወደ ስስ ወረቀት አሻገሯቸው፣ ከዚያ የሕሙማኑን ሴረም አፈሰሱበት። ዌስተርን ብሎት ይባላል ዘዴው። ከሕሙማኑ ሲሶ ያህሉ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ ክብደቱ 68 ኪሎ ዳልተን የሆነ ፕሮቲን ላይ።

ደስታው ትልቅ ነበር። በ1994 ሌላ ጥናት ይህ መስመር የወጣላቸው ሕሙማን ካልወጣላቸው ይልቅ መድኃኒቱ እንደሚሠራላቸው ዘገበ። ከወጣላቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ሲሻላቸው፣ ካልወጣላቸው አምስት ሰዎች የተሻለው አንድ ያህል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ፕሮቲኑ ኤች ኤስ ፒ 70 ነው ተባለ። ምርመራውም ለሽያጭ ቀረበ።

ከዚያ ጥርጣሬ መጣ። ኤች ኤስ ፒ 70 በጆሮ ብቻ የሚገኝ ፕሮቲን አይደለም፤ በየሕዋሱ ያለ ነው። አይጦች በዚህ ፕሮቲን ተከትበው ፀረ እንግዳ አካሉን ሠሩ፣ መስማታቸው ግን አልጠፋም። ጆሮን የሚያጠፋው እሱ ቢሆን ኖሮ አይጦቹ በደነቆሩ ነበር። ዛሬ ይህ ምርመራ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፣ ብቻውንም አያስቀርም። በተራ ላቦራቶሪ የሚሠራም አይደለም። ስለዚህ «የጆሮ ምርመራ ውጭ አገር ልከን እናሠራልሃለን» ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የጆሮ ሐኪም ጠይቁ። እኔ ብሩን በሬ ብትገዙበት ይሻላል ባይ ነኝ።

(ሙዚቃ፤ ይወርዳል)

አሁን ወደ ደምቢያ ልመለስ። ቃል ገብቼ ነበር።

በ1953 እ.ኤ.አ. ይህ የደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ተመታ። ወደ 7,000 ሰው አለቀ ይባላል። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው እሱ ነው። ተማሪዎቹ ወጥተው ከሚለማመዱባቸው ጣቢያዎች አንዱም የኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ነበር። ወባ ዛሬም አልለቀቀንም። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ደግሞ ካላዛር የሚባል በሽታ ይዘው ይመለሳሉ።

ይህ ከጆሮ ምርመራ ጋር ምን አገናኘው?

ወባም ካላዛርም ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ሕዋሳት ሁሉ ያለ ልዩነት ይቀሰቅሳሉ። ጀርሙን የሚይዘው ብቻ ሳይሆን ሌላውም፣ የገዛ አካልን የሚይዘውም ሳይቀር ይመረታል። ጅብ ሲመላለስበት የከረመ መንደር ውሻ ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል፤ መጮኹ ግን ጅቡ ዛሬ መግባቱን አያረጋግጥም። እንግሊዛዊው ሐኪም ብራያን ግሪንዉድ ናይጄሪያ ውስጥ ይህን አጥንቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ራስን የማጥቃት በሽታዎች እዚያ ብርቅ መሆናቸውን ጻፈ። በ1970 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የአስኳል ፀረ እንግዳ አካል በአፍሪካውያን ደም ውስጥ እንደሚገኝ ዘገቡ። ወረቀቱ ላይ ፖዘቲቭ፣ ሰውየው ጤነኛ።

ስለዚህ የእናንዬ ኤ ኤን ኤ ፖዘቲቭ ቢወጣ፣ ሐኪሟ መጠየቅ ያለበት «በቅርቡ ወባ ይዞሽ ነበር?» ብሎ ነው። ባይጠይቃት እሷ ትንገረው። እናንተም ንገሩት። ወባ፣ ካላዛር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ከዚህ አንዱ ይዟችሁ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ።

አንድ ምርመራ ግን ሊቀር አይገባም፤ የቂጥኝ ነው። ሰው ሲሰማው ይደነግጣል፣ «እኔን በምን ጠርጥራችሁኝ?» ይላል። ቅር አይበላችሁ። ቂጥኝ የውስጥ ጆሮን ይመታል፤ መልኩም ከዚህ ከምንለው በሽታ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ቂጥኝ በፔኒሲሊን የሚታከም መሆኑ ነው። ሳይመረመር የቀረ ሰው ሊድን ሲችል ይደነቁራል።

እዚህም ላይ ወባ ትገባበታለች። ቪ ዲ አር ኤል የሚባለው የቂጥኝ ምርመራ የሚፈልገው ጀርሙን አይደለም፤ ካርዲዮሊፒን የሚባል ስብን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ስቡን ሜሪ ፓንግቦርን የምትባል አሜሪካዊት በ1941 ከበሬ ልብ ነው ያወጣችው። ወባ የያዘው ሰው ያለ ቂጥኝ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛ፣ ጀርሙን ለይቶ በሚያውቅ ምርመራ ይረጋገጣል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት እንዳትጣሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ከምርመራዎቹ ሁሉ ዋናው የቱ ነው? ደም አይደለም። የመስማት ልኬት ነው፤ ኦዲዮሜትሪ ይሉታል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ ያደርጉና ቀጭንና ወፍራም ድምፅ እያሰሙ «ስትሰማ እጅህን አንሣ» ይሏችኋል። በሳምንታት ልዩነት ይደገማል። መስማቱ ወርዶ ከሆነ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ባወጣውና በ2019 ባሻሻለው መመሪያ፣ መስማቱን በድንገት ላጣ ሰው የደም ምርመራ በደፈናው እንዳይታዘዝ፣ የመስማት ልኬት ግን ከ14 ቀን ሳያልፍ እንዲሠራ ይመክራል። ብሩ ጥቂት ከሆነ፣ ብሩም ጊዜውም መጀመሪያ የሚውለው እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሙ ራስን የማጥቃት በሽታ ነው ብሎ ከጠረጠረ ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን፣ ለ4 ሳምንት ያህል ይሰጥና ልኬቱን ይደግማል። መስማቱ ከተሻሻለ ያ መልስ ነው። ከየትኛውም የደም ወረቀት የሚበልጥ መልስ ነው።

አደራ ግን፣ ፕሬድኒሶሎንን ከመድኃኒት ቤት ራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። የተደበቀ ሳንባ ነቀርሳ ካለ ይቀሰቅሰዋል። ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስትሮንጊሎይድ የሚባል የአንጀት ትል ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል። ኤች አይ ቪም ካለ መታወቅ አለበት። የደም ምርመራ እዚህ ላይ በእውነት ይጠቅማል፦ መድኃኒቱን ያለ ስጋት መስጠት ይቻል እንደሆነ ይናገራል። የጀመራችሁትንም በአንድ ጊዜ አታቋርጡ።

መድኃኒት ካነሳን አይቀር፣ ጆሮን የሚጎዱ መርፌዎችም አሉ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ለካላዛር ከሚሰጡት መርፌዎች አንዱ የሆነው ፓሮሞማይሲን ከነዚህ ናቸው። የወባ መድኃኒት የሆነው ኩዊኒንም ጆሮ ያስጮኻል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይተዋል። እነዚህ ነፍስ የሚያድኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጆሮን ፈርታችሁ ሕክምናውን እንዳትተዉ። ጆሮ ጭው ማለት ከጀመረ ግን ለሚወጋችሁ ባለሙያ ወዲያው ንገሩ።

(ሙዚቃ፤ በጣም ዝቅ ብሎ ከሥር ይቀጥላል)

ሰዓታችን እያለቀ ነው። የሞቀ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ፌጦ ጆሮ ውስጥ የምታንጠባጥቡ ተዉት፤ ወደ ውስጥ ጆሮ አይደርስም፣ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነም ይጎዳል። ፀበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ጤና ጣቢያውን ግን ከሱባኤ በኋላ አትበሉት። ተጎድቶ ያልሞተ ሕዋስ የሚጠብቀው ቀናት፣ ቢበዛ ጥቂት ሳምንታት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ በዚህ ወር ጆሮው የከዳው፣ ቴሌቪዥን ከፍ አድርጉ የሚል፣ ሲጠሩት የማይሰማ ሰው ካለ፣ ሰነፍ ነው ወይም ኮርቷል አትበሉት። ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርቶናቸውን ሳይቀር፣ የቀድሞ የምርመራ ወረቀቶቹንም በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለትና የመስማት ልኬት እንዲሠራለት ጠይቁ።

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)